አይፒቲጂውን አትጨምሪ፣ ቀንሺው

እህቴ፣ የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲንሽን ቢኤል21 (ዲኢ3) በተባለው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ዝርያ ለማምረት፣ ምርቱን የሚያስጀምረውን ኬሚካል አይፒቲጂን ስትጨምሪ ባክቴሪያው ማደጉን እንደሚያቆም ጽፈሽ፣ መጠኑን ከ1 ሚሊሞላር በላይ ላሳድገው ወይ ብለሻል። በፍጹም! መቀነስ ነው ያለብሽ።

በዚህ ዝርያ ውስጥ ያለው የቲ7 አርኤንኤ ፖሊመሬዝ (አይፒቲጂ የሚቀሰቅሰው፣ ዲኤንኤን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም) ከባክቴሪያው ከራሱ ፖሊመሬዝ እጅግ ይፈጥናል። ሽፋኑ ላይ ያለው፣ ፕሮቲን የሚያሳልፈው የሴክ በር ግን ጠባብ ነው፤ የባክቴሪያው የራሱ ፕሮቲኖችም የሚያልፉት በዚያው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጋፋ ያንቺው ሽፋኑ ውስጥ ሳይገባ ተጓጉሎ ይቀራል፤ ባክቴሪያውም ይታመማል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ስድስት ወር አጥቻለሁ። ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ የፕሮቲኔን ወፍራም መስመር አይቼ ተደስቼ ነበር። ሕዋሶቹን ሰብሬ በዝቅተኛ ፍጥነት ሳሽከረክር ግን ያ ሁሉ ፕሮቲን ተጓጉሎ ስለነበር ከቱቦው ሥር ዘቀጠ። እጅግ በፍጥነት በሚያሽከረክረው አልትራሴንትሪፉጅ የሰበሰብኩት ሽፋን ውስጥ የተገኘው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የታደገኝ ሲ43 የተባለው ዝርያ ነው። ተመራማሪዎቹ ሚሩና ዎከር በ1996 ያስተዋወቋቸው ሲ41 እና ሲ43 ከመርዛማ ፕሮቲን ጫና የተረፉ የቢኤል21 ልጆች ናቸው። ኋላ ሲመረመሩ የተለወጠው የቲ7 ፖሊመሬዙን መጠን የሚወስነው የዲኤንኤ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ያተረፋቸው ዝግታ ነው ማለት ነው። እኔም ሙቀቱን ከ37 ወደ 20 ዲግሪ አውርጄ፣ አይፒቲጂውን 0.1 ሚሊሞላር አድርጌ አሳደርኩት።

ጄሉን ብቻ አትመኚ። በፕሮቲንሽ ሲ-ጫፍ (በሰንሰለቱ መጨረሻ) ላይ አረንጓዴ አብሪውን ፕሮቲን ጂኤፍፒን ቀጥዪበት፤ ፕሮቲኑ ሽፋኑ ውስጥ በወጉ ከተቀመጠ ያበራል፣ ከተጓጎለ አያበራም። ጫፉ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያመለክት መሆኑን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ተራው ጂኤፍፒ በሴክ በር ወደ ውጭ ከወጣ በትክክል ስለማይታጠፍ ደኅናውን ፕሮቲን እንደ ብልሹ ቆጥረሽ ትጥዪዋለሽ።

ፕሮቲኑን ከሽፋኑ የሚያወጣውን ሳሙና መሰል ዲተርጀንት ስትመርጪም ያው ብርሃን ይመራሻል። ጥቂቱን ሽፋን ዲዲኤም በተባለው ዲተርጀንት፣ ጥቂቱን ኤልኤምኤንጂ በተባለው አሟሚና፣ ትልልቁን አስቀድሞ እያወጣ ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለይ ኮለም (ቱቦ) አሳልፊው። በብርሃኑ ግራፍ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ጉብታ ካየሽ፣ መዋቅሩን ወደምታዪበት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያደርስ መንገድ ይዘሻል፤ ብርሃኑ ከሁሉም ቀድሞ ከወጣ ግን ፕሮቲኑ ተጓጉሏል።

ፕሮቲንሽ የሰው ከሆነና ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ ፒኪያ የተባለውን እርሾ ሞክሪ። በ2008 የታተመው የሰው አኳፖሪን 5 (ውኃ የሚያሳልፍ የሽፋን ፕሮቲን) መዋቅር የተገኘው በፒኪያ ከተመረተ ፕሮቲን ነው።

ጂኤፍፒውን ከመቀጠልሽ በፊት የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል ብትልኪልኝ፣ ጫፉ ወዴት እንደሚያመለክት አብሬሽ አያለሁ።