ልጄ ዓይን አፋር ናት፤ ጠባይ ነው ወይስ ሕመም?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጭምት ናት፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ዘንድሮ ግን ክፍል ፊት ቆማ በምታነብበት ቀን «ሆዴን አመመኝ» እያለች ከትምህርት ቤት መቅረት ጀምራለች። አባቷ «ጠባይዋ ነው፣ ተያት» ይለኛል። በሽታ ይሆን? ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መስጋትዎ ተገቢ ነው። አባቷም ያሉት በከፊል እውነት አለው። ልጅ የራሱን ጠባይ ይዞ ይወለዳል። አንዱ ከሰው ቶሎ ይላመዳል፣ ሌላው አዲስ ፊት ሲያይ ያለቅሳል፣ ሌላው በትንሹ ይቆጣል። ይህ በከፊል በዘር የሚወረስ እንጂ በሽታ አይደለም። ነገር ግን በሕፃንነታቸው በጣም ዓይን አፋር የነበሩ ልጆች በጉርምስና ሰው ፊት መቅረብን የመፍራት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ከፍ ይላል። ብዙዎቹ ግን ምንም ሳይሆኑ ያድጋሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ግልፍተኛ ልጅ ቶሎ ይታወቃል፤ መምህሩ ወላጅ ያስጠራል፣ ጎረቤት ይናገራል። ጭምቷ ግን «እንዴት ያለች ጨዋ!» ተብላ ትመሰገናለች። ውስጧ ሲጨነቅ የሚያይላት የለም። እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ እኛ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ትምህርታቸው ከተበላሸ በኋላ ነው። ያሳዝነኛል።

ዓይን አፋር ብቻ የሆነች ልጅ ቀስ ብላ ትላመዳለች፣ የምትቀርባቸው ጓደኞችም አሏት። ፍርሃቱ ለወራት ሲቆይ፣ ከትምህርት ሲያስቀራት፣ እንቅልፍ ሲነሳትና ሆዷን ሲያማት ግን ከጠባይ አልፏል። ስለዚህ ልጅዎ ብትታይ እመክራለሁ። አቅራቢያዎ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለ እዚያ፣ ከሌለ በጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ዋናው ሕክምና ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ መድኃኒት የሚታዘዘው ካስፈለገ ብቻ ነው።

እስከዚያው ለብቻዋ ያናግሯት። ትምህርት ቤት የሚያሾፍባት ወይም የሚያስፈራራት ሰው ካለ መጀመሪያ መፍትሔ የሚፈልገው እሱ ነው። እንግዳ ፊት «ተናገሪ እንጂ!» ብለው አያሸማቅቋት። በፈራች ቁጥር ቤት ማስቀረትም አይበጃትም፤ ለዛሬ ይቀላታል፣ ነገ ግን ፍርሃቱ ይብስባታል። መጀመሪያ ለእርስዎ ታንብብ፣ ቀጥሎ ለአንድ ጓደኛዋ፣ ከዚያ ከመምህሯ ጋር ተነጋግራችሁ ለጥቂት ልጆች።

«መኖር አልፈልግም» የሚል ነገር ከአፏ ከወጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት።