የፊቱ ስድስት ዳዶ፣ የኋላው አምስት

ከቦንጋ የጻፈልኝ ወንድም ቡና የሚጭንባት አሮጌ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ አለችው። ስትሠራ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ፣ 2.4 ናፍጣ ናት። አምና ጋራዥ አስገብቶ ፎር ዊል አስደረጋት። ጭቃ ላይ ደህና ትሄዳለች። ጠጠር መንገድ ላይ ግን ፎር ዊል ካስገባ ቀጥ ብላ እየሄደች እንኳ ትታሰራለች፣ ትንገጫገጫለች። ፎር ዊል የምታስገባው ትንሿ ማርሽ አልወጣም ትላለች። ትንሽ ወደ ኋላ ሲመለስ «ጓ» ብላ ትለቃለች። ወደ ፊት አክስል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ የፊት ትራስሚሲዮኑ፣ መጋጠሚያው ክሮቼራ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። መካኒኩ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ሳጥን ጠርጥሮ «ትራንስፈሩ ነው፣ ይቀየር» ብሎታል። «ጋሼ፣ ትራንስፈር ልግዛ ወይ?» ይለኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የፊቱ ጎማ ስድስት ዳዶ፣ የኋላው አምስት ስለሆነ ሁለት ስኮርታ፣ ማለትም ትርፍ ጎማ፣ ይዞ እንደሚዞር ጣል አድርጓል።

ወንድሜ፣ ትራንስፈር አትግዛ። ገንዘብህን ያዝ።

መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። በዚያ ዘመን ሃይሉክስ የኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው ባለ አምስት ዳዶ ነው፤ ፎር ዊሉ ባለ ስድስት። ስለዚህ ከሌላ ፎር ዊል መኪና የፊት አክስል አምጥተው ገጥመውልሃል፣ የኋላውን ግን እንዳለ ትተውታል። ጥርጣሬዬ አንድ ነው፤ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻልህ ሬሾ አይገናኝም። «ቀጥ ብላ እየሄደች» ያልከው ደግሞ አጠናከረልኝ። ጤነኛ ፎር ዊልም ደረቅ መንገድ ላይ ሲታጠፍ ይታሰራል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ግን መታሰር የለበትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ስንት መኪና በዚህ ምክንያት ሲበላሽ አይቻለሁ። በአክስሉ መሃል ባለው ዲፈረንሻል ውስጥ ትንሿ ጥርስ፣ ፒኞን፣ ትልቁን ጥርስ፣ ኮሮናን፣ ታዞራለች። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ ፒኞኗ 10 ጥርስ ካላቸው ሬሾው 4.10 ነው። ጎማ አንዴ እንዲዞር ትራስሚሲዮኑ አራት ጊዜ ከትንሽ ይዞራል ማለት ነው። 41 በ9 ከሆነ 4.56 ገደማ ይመጣል። በሃይሉክስ ላይ 4.10፣ 4.30፣ 4.56 እና 4.88 ሁሉም ይገኛሉ። ከውጭ ስታያቸው ልዩነታቸው አይታወቅም። አሁን የኋላህ 4.10፣ የፊትህ 4.56 ነው እንበል። የጎማህ ዙሪያ 2.2 ሜትር ቢሆን በ100 ሜትር ውስጥ ጎማው 45 ጊዜ ተኩል ገደማ ይዞራል። የኋላ ትራስሚሲዮን 186 ጊዜ መዞር አለበት፣ የፊቱ 207 ጊዜ። ትራንስፈሩ ግን ፎር ዊል ሲገባ ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ እኩል ካልዞሩ አይሆንም። በ186 ዙር የፊት ጎማ 90 ሜትር ብቻ ይንከባለላል። የቀረውን 10 ሜትር እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ጭንቀቱ ይወጣለታል፣ አንተም አይሰማህም። ጠጠር ላይ መንሸራተት ሲያቅተው ጭንቀቱ ዘንጉ ውስጥ እንደተጠመዘዘ ገመድ ይጠራቀማል። ትንሿ ማርሽ የማትወጣው ጥርሶቹ በዚያ ጭንቀት ተጨብጠው ስለተያዙ ነው። ወደ ኋላ ስትመለስ ገመዱ ይፈታል፣ «ጓ» ይላል። ክሮቼራው የሚሰበረውም በዚሁ ነው። አዲስ ትራንስፈር ብታስገባ እሱም ይበላል።

አሁን በእጅህ አረጋግጥ። ጠመኔና አንድ ረዳት ይበቃሃል። ሜዳ ቦታ አቁማት፣ ሞተር ይጥፋ፣ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን ይለቀቅ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳና አክስሉን የብረት ማቆሚያ፣ ካቫሌቶ፣ ላይ አሳርፍ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም! ጎማውም ትራስሚሲዮኑም ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። የተነሳውን ጎማ በትክክል 20 ጊዜ አዙረው። ረዳትህ ከታች ሳይገባ፣ ከጎን ሆኖ ትራስሚሲዮኑ ስንቴ እንደዞረ ይቁጠር። ሌላው ጎማ መሬት ላይ ስለተያዘ ቁጥሩ የሬሾው አሥር እጥፍ ይሆናል። 41 ከመጣ 4.10 ነው፣ 43 ከመጣ 4.30፣ 45 ተኩል ከመጣ 4.56፣ 49 ሊሞላ ትንሽ ከቀረው 4.88።

ለፊቱ ደግሞ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግላቸው፣ ትንሿ ማርሽ ከፎር ዊል ትውጣ። ጎማውን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን የሁለቱንም የፊት ጎማ ሎክ ቆልፍ። ከዚያ አንዱን አንስተህ እንደዚያው ቁጠር። ጋቢናው ላይ ያለውን የፋብሪካ ሰሌዳ አትመን፤ እሱ የሚያውቀው ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረውን ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ከተለያዩ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ የፊት ዲፈረንሻሉን ልብ ብቻ አውጥቶ ከኋላው ጋር በሚገናኝ መቀየር ነው። በ10 ዳዶ የታሰረ ነው፣ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ዘንጎች፣ ሰሚያሲዎቹን፣ ስበህ ታወጣዋለህ። ርካሹ ይሄ ነው። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጥልሃለሁ፤ ከፎር ዊል ሃይሉክስ የወጣ ሙሉ የኋላ አክስል፣ ከፊቱ ጋር እኩል ሬሾ ያለው። ስድስት ዳዶው ይገናኛል፣ አንድ ስኮርታ ይበቃሃል። ከመግዛትህ በፊት መኪናዋን የሚሸከመውን የብረት ስፕሪንግ፣ የባልስትራውን፣ መቀመጫዎች ርቀት ከሻንሲህ ጋር ለካ። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደህ ስትገዛም ጠመኔህን ያዝ። አክስሉ መሬት ላይ እንዳለ አንዱን ጎን ሰው አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላውን 20 ጊዜ አዙር። ሻጩ «4.10 ነው፣ እመነኝ» ቢልህ በትህትና ቁጠር። የዘይት ቡሎኑን ፍታና ጣትህን አስገባ። የብረት ብናኝ ከወጣ ተወው። ኮሮና ከአንዱ፣ ፒኞን ከሌላው አገናኝተን እንሥራልህ ካሉህም ተወው። ሁለቱ አብረው የተገጣጠሙ ጥንድ ናቸው፤ የተቀላቀሉት ይጮሃሉ፣ ከዚያ ይበላላሉ።

የሠራልህ ሰው ሬሾ ካልቆጠረ ሌላም ነገር ሳያይ አልፏል ብዬ እሰጋለሁ። መኪናዋ ከፍ ስላለች የድሮው የፍሬን ጎማ ቱቦ አጥሮ ሊሆን ይችላል። የፊቱ ተንጠልጥሎ እያለ መሪውን እስከ ጥግ አዙርና ቱቦው ከተወጠረ ዛሬውኑ ቀይር። የፊት ባልስትራ ማንጠልጠያ የተበየደበትን በብረት ብሩሽ ጥረገው። ብየዳው ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ዝገት ካየህ ስንጥቅ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ አትበይድበት፤ ተፈልፍሎ እንደገና ይሠራ። ክሮቼራ ስትገዛ ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ ያለውን ምረጥ። ያን ቀዳዳ የሌለውን ርካሽ ኮፒ እየገጠሙ ሰውን ሁለቴ ሦስቴ ማስከፈል ያናድደኛል። የተሰበረውን ካልጣልከው ክዳኑን ክፈትና እይ፤ ውስጡ ቀይ ዱቄት ከሆነ ግራሶ አይቶ አያውቅም።

እስኪስተካከል ድረስ የፊት ሎኮቹን ፍታና በኋላ ጎማ ብቻ ንዳ። ጭቃ ከያዘህ ለአጭር ርቀት ተጠቀም፣ ከወጣህ በኋላ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ተመለስና ማርሿን አውጣ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም መኪናህን ፎር ዊል ለማስደረግ እያሰብክ ከሆነ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ከካምቢዮው፣ ጀምሮ ትራንስፈሩን፣ ሁለቱንም አክስሎችና ትራስሚሲዮኖቹን ከአንድ መኪና ውሰድ። ከዚህም ከዚያም የተለቀመ ዕቃ መጨረሻው ይኸው ነው። ወጪውን ደምረህ አሮጌዋን ሸጦ ፎር ዊል መግዛት ከሚጠይቀው ጋር አወዳድር።

ስለ ክሪኩ ደግሜ ልናገር። ወጣት ሳለሁ በክሪክ ብቻ ቆማ የነበረች ፒክአፕ ከጎኔ ተንሸራታ ወደቀች። ሻንሲው ሥር ስኮርታውን አስገብቼ ስለነበር እሱ ላይ አረፈች። እግሬ ከዚያ አንድ ስንዝር ነበር የሚርቀው። አንተም ካቫሌቶ ከሌለህ ተዋስ፤ ካገኘህም በኋላ ስኮርታውን ሻንሲው ሥር አስገባ። ሁለት ይዘህ የለ፣ ሁለቱንም አስገባቸው።

ከዚያ የፊቱንና የኋላውን ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ። ከየትኛው ጀምረህ እንደምትፈታ እነግርሃለሁ።