ዳገቱን ሳትቆጥሩ ፕሮግራም አታውጡ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደሴንና አካባቢዋን በቡድን መጎብኘት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ያለን የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቁብተኞች ነን። 28 ሰዎች ስንሆን ሴትም ወንድም፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን። ዕቁባችን ስላለቀ እሑድ ጠዋት ወጥተን የደሴን ሙዚየም፣ አይጠየፍ አዳራሽን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምንና ውጫሌ ይስማ ንጉሥን አይተን ማታ ቤታችን መግባት አስበናል። በአንድ ቀን ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። በካርታ ካያችሁት የሚሆን ይመስላል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ገደማ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ደግሞ ሌላ 30 ገደማ። ደርሶ መልሱ 170 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል ማለት ነው። ቀኑን የሚበላው ግን ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ዳገቱና የሰዉ ብዛት ነው። 28 ሰው ከመኪና ወርዶ፣ ተሰብስቦ፣ ተመልሶ ተሳፍሮ፣ ተቆጥሮ እስኪነሳ በትንሹ 20 ደቂቃ ይሄዳል። ሦስት ቦታ ስትቆሙ ምንም ሳታዩ አንድ ሰዓት አለቀ። ከመካከላችሁ አንዱ ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ ሻይ ቤት ከቀረ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው።

ስለዚህ ውጫሌን ለሌላ ቀን አቆዩት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት፣ በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂ መለያየት ሰበብ እስከ ዓድዋ ያደረሰ ቦታ በሩጫ አይታይም።

የቀረው እንዲህ ይደርሳል። ጠዋት 1፡00 ላይ ተነሱ። «1፡00» ማለት መኪናው የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው፤ ለሰዎቻችሁ 12፡30 ብላችሁ ንገሯቸው። 1፡50 አካባቢ ደሴ ትደርሳላችሁ፤ ቁርስ በልታችሁ እስከ 2፡45 ጨርሱ። ከ3፡00 እስከ 4፡15 ሙዚየም፣ ከ4፡30 እስከ 5፡30 አይጠየፍ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐይቅ ብትነሱ 6፡30 ላይ ምሳ ላይ ናችሁ። ከ7፡45 እስከ 9፡45 ሐይቁና ገዳሙ፣ በ10፡00 መነሳት፣ 11፡45 ላይ ኮምቦልቻ። ይህ ሁሉ የሚታሰበው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በብርሃን ለመውረድ ነው። አንዱ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ከዘገያችሁ ከሚቀጥለው ቦታ ላይ ቀንሱ እንጂ የመመለሻውን ሰዓት አትግፉ።

እሑድ የመረጣችሁት ሁሉም ሥራ ስለማይገባ እንደሆነ ይገባናል፤ ሙዚየሙም ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ቢያንስ ከሳምንት በፊት የሰዉን ብዛት፣ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ በሩን የሚከፍተውን ሰው ስልክም ተቀበሉ። በዋዜማው ደውሉለት። ሙዚየሙ በ2014ቱ ጦርነት ዘረፋና ጉዳት ስለደረሰበት የትኛው ክፍል ለጎብኚ ክፍት እንደሆነም በዚያው ጠይቁ። የመንገዱን ሁኔታም እንዲሁ።

ምሳውን ሐይቅ ያደረግነው በምክንያት ነው። እንደናንተ የተቀላቀለ ቡድን ምግብ ቤት በር ላይ ሲደርስ «የማን ሥጋ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ማዶ ሲበላ ሰዓቱም ጨዋታውም ይበተናል። ዓሣ ግን የባራኪ ጣጣ የለበትም፣ ከአንድ ትሪ ይበላል። ያለ ትዕዛዝ 28 ዓሣ አታገኙምና በዋዜማው ደውላችሁ አስይዙ፤ ለማይበሉት አምስት ስድስት ሰው ሽሮ ጨምሩ። ፆም ላይ ከሆነ በዓሣ የማይስማሙ ስለሚኖሩ የሽሮውን ቁጥር ከፍ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ። ለዘመዶቻችን ጉዞ መኪና የምከራየው እኔ ነኝ። አንድ ቅጥቅጥ ይሻላል ወይስ ሁለት ዶልፊን? ውል ላይ ምን ላስገባ?

መልስ፦ ከ20 በላይ ከሆናችሁ አንድ ቅጥቅጥ ወይም ኮስተር ይሻላል። ሁለት ዶልፊን ማለት ሁለት ሾፌር፣ ሁለት ነዳጅ፣ ሁለት ጊዜ «የት ደረሳችሁ?» ማለት ነው። ከ20 በታች ከሆናችሁና አዛውንት ካሉ ግን ዶልፊኖቹ ጠባብ መንገድ ስለሚገቡ ብዙ እግር ጉዞ ያስቀራሉ።

ከዓይነቱ ይልቅ ፍሬኑን ጠይቁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ከሐረጎ ጋር ያለው ነገር ሁሉ የዚህ 650 ሜትር ያህል ልዩነት ጉዳይ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ ሾፌሩ ፍሬን ላይ ቆሞ ከወረደ ሸራውና ታምቡሩ ይግላሉ፤ የጋለ ሸራ አይነክስም። ፔዳሉን ቢረግጠውም መኪናው እየሄደ ነው። ደህናው አወራረድ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ውስጥ መግባት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ፣ ቢበዛ ሦስተኛ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬን በመጠኑ ተነክቶ ይለቀቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ሾፌር ካጋጠማችሁ አታግባቡት፤ እንዲያቆም ጠይቁት። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ስትቆሙ ከጎማው በኩል የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ከመጣ ፍሬኑ ግሏል ማለት ነው፤ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ አቁማችሁ በራሱ ይቀዝቅዝ። ረዳቱ በጄሪካን ውሃ ሊደፋበት ሲሮጥ አስቁሙት፤ የጋለ ታምቡር በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል።

በክረምት ደግሞ ጉሙ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ሐረጎ ላይ ከፊት ያለው መኪና የማይታይበት ጠዋት ብዙ ነው፤ የመነሻ ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ግፉት።

ውሉ በወረቀት ይሁን። ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የሾፌርና የረዳት አበልና ምሳ በማን እንደሆነ፣ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ ከዚያ ካለፈ በሰዓት ስንት እንደሚታሰብ፣ መንገድ ላይ ቢበላሽ ምትክ የሚያመጣው ማን እንደሆነ ይጻፍ። የምትሄዱባቸው ቦታዎች በስም ይዘርዘሩ። «ደሴና አካባቢዋ» ብሎ የተዋዋለ ሾፌር የሐይቅን ጥርጊያ ሲያይ «ይሄ በውሉ የለም» ቢላችሁ እሱ ነው ትክክል። ግማሹን ቅድሚያ ክፈሉ፣ ግማሹን ስትመለሱ። ነዳጁ በዋዜማው ይሞላ፤ ሠላሳ ሰው ጭኖ ማደያ ሰልፍ መቆም ጉብኝት አይደለም።

መዋጮውን ስታሰሉ የመኪናውን ኪራይ ለተመዘገበው ሰው ሁሉ አታካፍሉት። 30 ከተመዘገበ ለ25 አካፍሉት። የቀሩት አምስት መጥተው ገንዘብ ከተረፈ ለቡናው ይሆናል፤ ከቀሩ ግን ጎደሎውን ከኪስዎ የሚሞሉት እርስዎ ነዎት። ምግብና መግቢያ ግን በትክክለኛው ሰው ቁጥር ነው የሚሰላው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን አይጠየፍ ወስጄ ሳስረዳ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይበተኑብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥፋቱ የልጆቹ አይመስለንም። አብዛኛው አስጎብኚ በር ላይ ቆሞ የዘመን ቁጥር ይደረድራል፤ ልጁ ያንን ከመጽሐፉ ያገኘዋል። ከስሙ ይጀምሩ። «አይጠየፍ» ማለት ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። የግብር አዳራሽ ነው፤ ገብቶ የሚበላውን የማይጠየፍ። ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ቀጥለው የሰውየውን ሁለት ስም ይንገሯቸው፦ መሐመድ ዓሊ ተብለው ያደጉ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው በአፄ ዮሐንስ አበልጅነት ሚካኤል የተባሉ። ቦሩ ሜዳም ሩቅ አገር አይደለም፣ በአውቶብሱ መስኮት የሚጠቆም ሜዳ ነው። ከዚያ ወዲያ አዳራሹ የድንጋይና የእንጨት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። የወሎ ልጅ ደግሞ ስለ ሁለት ስም የሚያወራው ነገር አያጣም፤ ከራሱ ዘመድ ይጀምርልዎታል።

የዘመን ቁጥር ሦስት ይበቃል። 1906፣ ንግሥና፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው የተማረኩበት፤ እና ከሳቸው በኋላ ከተማዋ ላይ የደረሰው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት። በዚያ ቀን ቀይ መስቀል የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍም የዚያን ዕለት ነው። ፎቶውን አሳትመው ይያዙ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ልጁ አይበተንም። ልጆቹ የወይዘሮ ስኂን ተማሪዎች ከሆኑ ደግሞ ትምህርት ቤታቸው የተሰየመባቸው እመቤት የእኚሁ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን ለመጨረሻ ያቆዩት።

የአነጋገሩ ነገር፦ ከ15 ተማሪ በላይ በአንድ ድምፅ አይያዝም። 40 ካሉ ለሦስት ይክፈሏቸውና በየቦታው ያዘዋውሯቸው። ሲናገሩ ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ፤ ድምፅዎ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ፀሐይዋ በእርስዎ ዓይን ትግባ እንጂ በነሱ አትግባ። የመጨረሻው ልጅ ሳይደርስ አይጀምሩ፤ ኋላ የቀረው መጀመሪያውን ካልሰማ የቀረውንም አይሰማም፣ ጎረቤቱንም ያስወራል።

«ደሴ» የሚለውን ስም አፄ ዮሐንስ ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ቢላቸው ሰጡት የሚባለውን ቢጠይቁዎት «እንደሚነገረው» ብለው ይንገሩ። በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዓይን የሚታይ ትልቅ ጅራታም ኮከብ መውጣቱ ግን እውነት ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም ይባላል። ከቡድናችን ግማሹ እህቶቻችን ናቸው። እንተወው?

መልስ፦ አትተዉት፤ በር ላይ ደርሳችሁ እንዳትደነግጡ ብቻ። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት አትገባም፣ ማስፈቀድም የለም። ይህን በምዝገባ ጊዜ ተናገሩ። ብዙ ቡድን የሚጣላው በክልከላው ሳይሆን እህቶች 30 ኪሎ ሜትር ተጉዘው እዚያ ሲሰሙት ነው። ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ ሐይቁ ዳር በጀልባ ይዙሩ፣ ቡናውም እነሱ ዘንድ ይፈላ፤ የገዳሙ ጊዜ ከ50 ደቂቃ አይለፍ። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለሰው ሁሉ ከሌለ ጀልባው ይቅር፤ ጃኬት ሦስት ካለ ሦስት ሰው ይሳፈር።

ወደ ውስጥ የምትገቡ ነጠላ ያዙ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፤ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የምታዩት በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበትን ቤት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ከዚያ ዘመን ለዛሬ ከደረሱት ጥቂት የብራና መጻሕፍት አንዱ ነውና ስለሱ መነኮሳቱን ጠይቁ፤ ካላሳዩአችሁ አትከራከሩ።

ጥያቄ፦ የባቲን ገበያ ለማየት የትኛው ቀን ነው? ከኮምቦልቻ በምን ሰዓት እንነሳ?

መልስ፦ ሰኞ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 1፡00 ላይ ተነሱ፤ ግመሉና ፍየሉ የሚደምቀው ረፋዱ ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም አያስቆምም። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ሰኞ የደሴም ሰኞ ገበያ ነውና ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከጅቡቲ ለእረፍት ትመጣለች፤ 68 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ከዘመድ ጋር ደሴን እንዞራለን፤ ጦሳ ተራራ ላይም መውጣት ትፈልጋለች።

መልስ፦ ከባሕር ዳር አገር ተነሥቶ በአንድ ቀን 2,500 ሜትር ላይ መውጣት ለወጣትም ትንፋሽ ያሳጥራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ኮምቦልቻ ቢያድሩ ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ደሴ ወጥተው ሙዚየሙንና አይጠየፍን በመኪና ይዩ። ጦሳ ለሦስተኛው ቀን ይሁን፤ ያውም መኪና እስከደረሰበት ድረስ። በእግር ሲሄዱ በየ10 ደቂቃው ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው የዚያ ቀን ጉብኝት እዚያ ያብቃና ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ፤ ካልተሻላቸው ወይም አርፈው ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠራቸው ሐኪም ቤት ነው። መድኃኒቱ ሻንጣ ውስጥ ተቆልፎ መኪናው ላይ እንዳይቀር በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከመነሳታቸው በፊትም ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ጋቢ አይርሱ። ጅቡቲ የለመደ ሰው የደሴን የማታ ብርድ ሲነገረው አያምንም።