የአባትዎን ኤች ፒ 11 ሲ ፕሮግራም ማድረግ ከየት ይጀመራል?

ወንድሜ፣ ከአባትዎ የወረሱትን ኤች ፒ 11 ሲ ካልኩሌተር ፕሮግራም ማድረግ ከየት እንደሚጀመር፣ ጎንደር ላይ ለጀመሩት የቅየሳ ሥራም ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ሞዴል ከአዘዞ እስከ አንገረብ ባሉ ተዳፋቶች ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ከደረሰብኝ ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው ይህ መሣሪያ ቀመር አይቀበልም፤ የሚያስታውሰው የተጫኑትን ቁልፎች በቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ አንድን ስሌት አስቀድመው በእጅዎ፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ ያለ ስህተት መሥራት ካልቻሉ ፕሮግራም ሊያደርጉት አይችሉም። የእኩል ይሆናል ቁልፍም የለውም፤ ቁጥሮቹ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ እና ቲ በሚባሉ አራት እርከኖች ላይ ይደረደራሉ፣ ኢንተር ሲጫኑ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ሲደምሩ ወይም ሲያባዙ ደግሞ ይወርዳሉ። እኔ የገባኝ መሣሪያውን አስቀምጬ፣ በደብተር ላይ አራት ሣጥን እየሣልኩ፣ ከእያንዳንዱ ቁልፍ በኋላ በየሣጥኑ የሚገኘውን ቁጥር በእርሳስ መጻፍ ስጀምር ነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

የመጀመሪያ ፕሮግራምዎ ከሥራዎ የተወሰደ ይሁን። ከዜኒት (በቀጥታ ከራስ በላይ ካለው ነጥብ) የተለካ ማዕዘንና የተዳፋት ርቀት ሰጥተው የከፍታ ልዩነትንና አግድም ርቀትን የሚያወጣው ፕሮግራም ስድስት መስመር ብቻ ነው፦ የኤ መለያ፤ ኤክስንና ዋይን ማለዋወጥ፤ ደቂቃንና ሰከንድን ወደ አስርዮሽ ዲግሪ መለወጥ፤ እንደገና ማለዋወጥ፤ ከፖላር (ርቀትና ማዕዘን) ወደ ሬክታንጉላር (ቁመትና አግድም) መለወጥ፤ መመለሻ። ሁለት ጊዜ የምናለዋውጠው ርቀቱ ኤክስ ላይ፣ ማዕዘኑ ዋይ ላይ ስለሚቀመጡና የዲግሪ መለወጫው የሚሠራው ኤክስ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው። 85.30 (85 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት ነው) ብለው ኢንተር፣ ከዚያ 100 አስገብተው ወርቃማውን የኤፍ ቁልፍ ቀጥሎም የኤ ቁልፍን ሲጫኑ 7.85 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ሲያለዋውጡ ደግሞ 99.69 ሜትር አግድም ርቀት ያገኛሉ።

እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ የዲግሪ መለወጫውን ትቼው ነበር። መሣሪያው 85 ዲግሪ ከ30 ደቂቃን 85.3 ዲግሪ አድርጎ ወሰደው፣ ከፍታውንም 8.19 ሜትር አለኝ። በ100 ሜትር ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያጋደለ መሆኑን ያወቅነው ቦዩ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሠራተኞቹ የሙሉ ቀን ድካም ባክኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፕሮግራም ሁሉ መልሱን አስቀድሜ በማውቀው ቁጥር ሳይፈተን አልጠቀምበትም። ሲፈትኑ ኤስ ኤስ ቲ የሚለውን ቁልፍ ይጠቀሙ፦ ተጭነው ሲይዙት ቀጣዩን መስመር ያሳያል፣ ሲለቁት ይፈጽመዋል፤ በደብተርዎ ሣጥኖች ካለው ጋር ማነጻጸር የሚችሉትም እዚያው ነው።

በፕሮግራም ሁነታ የሚያዩት እንደ 42,21,11 ያለ ቁጥር አያስደንግጥዎ። በየጥንዱ የመጀመሪያው አሃዝ የቁልፉን ረድፍ፣ ሁለተኛው በረድፉ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታል፤ 42 ማለት በአራተኛው ረድፍ ሁለተኛው ቁልፍ፣ ማለትም ወርቃማው ኤፍ ነው። ለፕሮግራም ያለው ቦታ ለጀማሪ ይበቃል፦ 63 መስመር ይዞ ይነሣል፣ የቁጥር ማኅደሮቹን እየወሰደም እስከ 203 ይደርሳል።

ይጠቅማል ወይ ላሉት፣ ዘመናዊው ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንንና ርቀትን በኤሌክትሮኒክስ የሚለካው የቅየሳ መሣሪያ) ይህን ሁሉ በራሱ ያወጣል፤ ነገር ግን ያወጣውን ቁጥር ሜዳ ላይ ቆመው ማረጋገጥ የሚችሉት ስሌቱን ራስዎ ደረጃ በደረጃ ሠርተው ሲያውቁት ነው። ካልኩሌተሩ የሚሠራው በሦስት ኤል አር 44 የአዝራር ባትሪዎች ሲሆን፣ እኔ ፒያሳ ከሰዓት ጠጋኞች እገዛቸዋለሁ። ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት ፕሮግራሙን በደብተር ይገልብጡ፣ ከጎኑም የመፈተኛውን ቁጥር ይጻፉ። ከቀየሩ በኋላ 85.30 እና 100 አስገብተው 7.85 ካላገኙ፣ ስህተቱን እስኪደርሱበት ድረስ ወደ ሜዳ ይዘውት አይውጡ።