ብሎኗን ከመንካታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ የቆየ ሞተር ሳይክል ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ የሚሠራበትን ዙር) አልይዝ ሲላችሁ እጃችሁ መጀመሪያ የካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን) ብሎን ለማዞር ወደ ካቻቢቴ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የእኔም እጅ ይሄድ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ሙያውን ስለምድ የአንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሞተሩን አመጣ። የነዳጅ መስጫውን ሲለቁት ይጠፋል፤ ቾክ (አየር ቀንሶ ነዳጅ የሚያበዛው) ሲሳብ ግን ይሠራል። በቾክ ብቻ የሚሠራ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚኒሞ ጂግለሩ (ነዳጅ በልክ የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ተደፍኗል ማለት ነው፤ ይህን በትክክል አወቅሁ። ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳዋ መርፌ የማታሳልፈውን ያቺን የነሐስ ቁራጭ በብረት ሽቦ ጠረግኋት። ተከፈተች፤ ግን ሰፋች። ሞተሩ ተነሣ፣ ሰውየውም ክትባቱን ጭኖ ወደ ገጠር ወጣ። መንገድ ላይ ነዳጅ በዝቶ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) በጥላሸት አፈነው። በማግስቱ ሞተሩን እየገፋ ተመለሰ። አልተቆጣኝም፤ ሳጥኑን ከፍቶ ውሃ የሆነውን በረዶ አሳየኝ። ዛሬም ጂግለር በያዝኩ ቁጥር ያ ሳጥን ይታየኛል።

ስለዚህ ጂግለር በብረት አይጠረግም። ቤንዚን ውስጥ አሳድሩት፣ በኮምፕሬሰር ንፉት፣ ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ቀዳዳው ክብ ሆኖ መታየቱን አረጋግጡ። አሁንም እምቢ ካለ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ይበቃል። ጂግለሩ ብቻ ሳይሆን ከእሱ ወደ ሞተሩ አፍ የሚወስዱትን ጥቃቅን መንገዶችም ንፉ፤ ብዙ ልጆች ጂግለሩን አጥበው እነዚህን ይረሳሉ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስትገድብ የቆሙ ሞተሮች ኋላ ወደ እኔ ሲመጡ ችግራቸው ይኸው ነበር፦ ቤንዚኑ ተንኖ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ ብቻ ቀርቷል። ሞተር ለወራት የሚያቆም ደንበኛ ካላችሁ የካርቡራተሩን ቤንዚን አፍስሶ እንዲያቆም ንገሩት።

ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ግን ጥፋቱ እዚያ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ። እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ባሉት፣ በተለይም ፕላቲን (እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላው እሳት የሚያስነሣው) ባላቸው የድሮዎቹ ላይ፣ የፕላቲኑ ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር መሆኑን ሳታዩ ካርቡራተር አትውቀሱ። የቫልቩ ክፍተት በጣም ከጠበበም ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ትንፋሽ ያጥረዋል። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩት፤ ድምፁ ከተለወጠ ችግሩ የተወጠረው የነዳጅ መስጫ ገመድ ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ።

የነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ዙሩ ቶሎ አልወርድም ብሎ ከላይ ከቆየ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ካርቡራተሩና ሞተሩ የሚገናኙበትን አንገት ጎማና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) መርምሩ፤ ውሃ በስሱ ስትረጩበት ድምፁ ከተለወጠ አገኛችሁት። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጭ ሰው አይቻለሁና እለምናችኋለሁ፣ እናንተ እንዳታደርጉት። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉት ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚያቃጥሉ ሞተሮች ላይ ደግሞ የክራንኩ ዳር ጎማ ሲያረጅ ይህንኑ ምልክት ያሳያል፤ ካርቡራተሩን አሥር ጊዜ ብታጥቡት አይድንም።

አሁን ወደ ብሎኗ እንምጣ። ሁለት ናቸው። አንደኛው ዙሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለተኛዋ ትንሿ አየርና ነዳጅ ታመጣጥናለች። ትንሿን ከመፍታታችሁ በፊት በቀስታ እያጠበቃችሁ ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩና ጻፉ። ጫፏ ቀጭን ስለሆነ ሲነካ አቁሙ፤ በኃይል ካጠበቃችኋት መቀመጫዋን ታበላሻለች። በአየር ፊልትሮ በኩል ያለች ብሎን አየር ነው የምትቆጣጠረው፣ ሲፈቷት ድብልቁ ይቀጥናል (ነዳጁ ያንሳል)። በሞተሩ በኩል ያለችው ነዳጅ ነው፣ ሲፈቷት ይወፍራል (ነዳጁ ይበዛል)። ይህን ሳይለዩ የሚያዞሩ ብዙዎች አሉና ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ለዩ። ቁጥሩ ከሌላችሁ ከአንድ ዙር ተኩል ጀምሩ። አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ዙሩ በጣም የሚጨምርበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ በትልቁ ብሎን ወደ ተገቢው ሚኒሞ መልሱት።

ሌላው የእኛ አገር ነገር ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበታል፣ እናንተም ታቀጥኑታላችሁ። ደንበኛው ጣርማ በርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ ወደ 1,300 ሜትር ማለት ነው፣ ያ ያማረ ሚኒሞ ይጠፋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ያጓራል። ሰውየው ሞተሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ለደብረ ብርሃን ብቻ ነው ያስተካከልንለት። ሞተር ስትቀበሉ “የት ነው የምትነዳው?” ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱንም ቦታ የሚመላለስ ከሆነ ለዝቅተኛው አድሉ፤ ነዳጅ ትንሽ ቢበዛ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ካነሰ ግን ፒስቶን ይበላል።

እኔ ለእያንዳንዱ ሞተር የደብረ ብርሃኑንና የሸዋ ሮቢቱን ዙር ለየብቻ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። የፈለገ መጥቶ ይገልብጥ።