ለአጨዋወትህ የሚስማማ የገና ዱላ

በገና ጨዋታ ሩሯን (ኳሷን) እየገፋህ የምትሮጥ ከሆነና የወይራው ዱላ ክንድህን ካደከመህ፣ ቀጠን ያለ ቁረጥ፤ ቆልማማው ጫፉ ግን ሰፋ ይበል። ከባዱ ወይራ ከኋላ ቆሞ በአንድ ምት ለሚመልስ ሰው ነው።

ቀጥ ብለህ ቁም፤ ቆልማማው መሬት ሲነካ እጀታው ወገብህ ላይ ይድረስ። ካጠረ ጎንበስ እንዳልክ ትውላለህ። በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት ፈልግ፤ በመጥረቢያ የተቆለመመው ጅማቱ ስለተቆረጠ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ቶሎ ይድረቅ ብለህ ምድጃ አጠገብ አታቁመው። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዲያ አድርጌ፣ በሁለተኛው ምት ተሰንጥቆ ስንጣሪው መዳፌ ውስጥ ቀረ። በመርፌ ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ከነቁጣዋ። ቀደም ብለህ ቆርጠህ ከነልጣጩ ጥላ ውስጥ ብታጋድመው ለታኅሣሥ 29 ይሻልሃል።