አቡን ከሌላቸው ማን ያዛቸዋል?

ጥያቄ፦ ልጄ ባሕር ዳር ጴንጤ አግብታለች። ያኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁና ተመስገን። አማቼ ክፉ ልጅ አይደለም። ለጥምቀት ሲመጡ ግን «በመካነ ኢየሱስ ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ» ብሎኝ አረፈው፤ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው! አቡን የላቸውም ይባላል፤ ታዲያ ማን ያዛቸዋል? ቄሳቸውን ማን ይሾማል? ሰባኪዎቻቸውን የሚከፍል ፈረንጅ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ደግሞ በጾም ሲመጣ ምን ላቅርብለት? (የልጅ ልጅ ያየች፣ ከቢቸና)

መልስ፦ እትዬ፣ ዝግጅት ክፍሉ ደብዳቤዎን ወደ እኔ የመራው አውቆ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት ቤት ሞዴል 64 የሚባለውን የገቢ ደረሰኝ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የአንድ የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን (እናንተ አጥቢያ የምትሉት) ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። የሃይማኖቱን ምሥጢር ቄሱን ይጠይቁ። ማን ያዛል፣ ማን ይከፍላል ለሚለው ግን የሒሳብ ሠራተኛ ይሻላል።

አቡን የለም፤ የሚያዘው ጉባኤ ነው። ከታች ማኅበረ ምእመናኑ አለ። አባላቱ ተሰብስበው ሽማግሌዎቻቸውን ይመርጣሉ፤ አማችዎም በዚህ መንገድ ነው የገባው። ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጠው ሽበት ሳይሆን ድምፅ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅም ይወርዳል። (አልወርድም ያለ ዕለት ነው ማልቀስ።) ከዚያ በላይ ጥቂት ማኅበረ ምእመናን የሚሰባሰቡበት ሰበካ፣ ከሰበካ በላይ ሲኖዶስ አለ። የጳጳሳቱ ጉባኤ እንዳይመስልዎ፤ በአንድ አካባቢ ያሉ ማኅበረ ምእመናን የሚተዳደሩበት ነው፣ ለሀገረ ስብከት ይቀርባል። ከሁሉም በላይ ጠቅላላ ጉባኤው በየአራት ዓመቱ ይቀመጣል፤ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠውም እሱ ነው። ከ1955 እስከ 1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ቄስ አልነበሩም፤ በንጉሡ ዘመን አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው።

ይህ ለእርስዎም ያን ያህል እንግዳ አይደለም። የእኛው የደብረ ኤልያሱ ሰው ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለውን የአጥቢያ መተዳደሪያ ደንብ ሲያወጡ፣ ምእመናን ለሰበካ ጉባኤ ተመርጠው ከካህናቱ ጋር የደብሩን ገንዘብና ንብረት እንዲያስተዳድሩ አድርገዋል። መንገዱ የሚለያየው ከዚያ በላይ ነው፤ በእናንተ ከሰበካ ጉባኤው በላይ ጳጳሱ አሉ፣ በመካነ ኢየሱስ እስከ ላይ ድረስ ምርጫ ነው። ጳጳሳቱን ካነሳን አይቀር፣ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ እጅ የተገደሉት በአንድ ክረምት፣ በ1971 ዓ.ም. ነው። ለአማችዎ ይንገሩት፤ በእሱ ዕድሜ ያለ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ቄሱ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ማኅበረ ምእመናኑ ጠርቶት፣ ሲኖዶሱም ሲቀበለው እጅ ይጫንበታል። ሴትም ትሾማለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሴቶች ቀሳውስት አሉ።

አሁን ወደ ፈረንጁ። ሁሉም ሐሜት ነው ብዬ አልሸነግልዎትም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በስዊድን፣ በጀርመንና በኖርዌይ ሚሲዮኖች ሥራ ላይ የቆመች ናት፤ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ራሷን ችላ በኢትዮጵያውያን እጅ ስትቋቋምም የውጭ ብር አልተቋረጠም። ጥያቄው ብሩ ለምን ይመጣ ነበር የሚለው ነው። በ1964 ዓ.ም. ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጄኔቭ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን (የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ነው) አንድ ደብዳቤ ተጽፏል። የነገረ መለኮት ሰዎች ብዙ ይፈላሰፉበታል፤ እኔ ሳነበው የበጀት ክርክር ነው። ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት ስንጠይቃችሁ ቶሎ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ሥራ ስንጠይቅ ግን እጃችሁን ትሰበስባላችሁ፤ ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ አትክፈሉብን ነው ነገሩ። እንግዲህ ያስቡት፦ ፈረንጁ ለሰባኪ የሚከፍለው እንደሚወራው በደስታ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ለምን ይጻፋል?

በእኛ ማኅበር ወንጌላዊ የሚላከው እንዲህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። የት ይሂድ፣ ማን ያሳድረው፣ ደመወዙ ስንት ይሁን፣ ከየት ይምጣ ተብሎ ይነታረካሉ፤ የተወሰነው በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረማል። ብሩ ከአሥራትና ከመባ ነው። በገጠሩ የስብከት ጣቢያ ጥሬ ገንዘብ ስለማይገኝ ዶሮ ታስሮ፣ ዳጉሳ በቁና ተሰፍሮ ይመጣል፤ ከአምልኮ በኋላ በጨረታ ይሸጣል። አንዲት ዶሮ ከገበያው እጥፍ ስታወጣ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ሦስት ሰው ሳይቆጥረው፣ ደረሰኝም ሳይቆረጥለት አንድ ብር ሣጥን አይገባም፤ ከገባው ላይም የተወሰነው እጅ ወደ ሲኖዶስ ይሄዳል። አንድ ክረምት ላይ ጣሪያው እያፈሰሰ ቆርቆሮ ይቀደም ወይስ ወንጌላዊ ይቀጠር የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። እኔ ቆርቆሮ ብዬ ነበር። ድምፅ ተሰጠ፣ ወንጌላዊው አለፈ፣ ክረምቱን በጃንጥላ ዘመርን። ቄሱም እንደ ማንኛችንም አንድ ድምፅ ነው የሰጡት።

ለጎጃም ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሩን ለሁለት ከፍሎት ነበር። ሕዝቡ የተዋሕዶ አማኝ በሆነበት አገር ሚሲዮን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መክፈት እንጂ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስወጣት አይችልም፤ ክፍት በተባለው አገር ብቻ እንደ ልቡ ይሰብካል። ጎጃም የት እንደሚመደብ ለእርስዎ አልነግርም። በእኛ ማኅበር የመጀመሪያዎቹ አባላት ከወለጋና ከደቡብ በዝውውር የመጡ አስተማሪዎችና ነርሶች ነበሩ፤ ሚሲዮን የላካቸው ሳይሆኑ ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ጥበቃ የመደቧቸው።

የፈረንጅ ነገር አሁንም ካልወጣልዎ የወላይታን ታሪክ ልጨምርልዎ፤ ይህ የቃለ ሕይወት፣ የሌላዋ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አስተዳደራቸውም ከመካነ ኢየሱስ ይለያል። ጣሊያን ሲገባ ኤስ አይ ኤም የተባለው የውጭ ሚሲዮን ሰዎች በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ ሰዎችን ነው። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። ከዚያም የወላይታ አጥቢያዎች ባልና ሚስት እየመረጡ፣ ስንቅ እየቋጠሩ፣ ቋንቋው ወደማይታወቅበት አገር በራሳቸው ወጪ ይልኩ ጀመር።

ስለዚህ አማችዎ ስብሰባ አለብኝ ብሎ በጊዜ ሲነሣ አይቀየሙት፤ ሽማግሌ መሆን ማለት ግማሹ ስብሰባ ነው። ምን እንደወሰኑ ይጠይቁት፣ የሚያስደብቅ ነገር የለውም።

የጾሙን በተመለከተ፣ ምን ብላ ወይም ምን አትብላ የሚል የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አላየሁም። ሽሮውን ያቅርቡለት፤ በርበሬው የቢቸና ከሆነ እኔም እመጣለሁ።